ያልተቆጠሩት ሰማንያ ቀናት

«ይቺ ልጅ ናት። ልጅ አንወስድም።»

ዙፋን ይህን የሰማችው በመስኮት በኩል ነው። የተባለው በዐረብኛ ነበር፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሃያ ዓመት ለኖረች ሴት ግን እንዲህ ላለው ዐረብኛ አስተርጓሚ አያሻትም። በወጣቶች ማእከሉ ግቢ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ለልጇ ለኮከብ ስንቅ የያዘችበትን ዘንቢል እግሯ ሥር አድርጋ ቆማለች። ዘንቢሉ ውስጥ ዳቦ ቆሎ አለ፣ በሶ አለ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በርበሬ አለ፣ ትናንት በዘጠኝ ሺህ ጁኔህ የተገዛ አዲስ ፎጣ አለ። ሻጩ አሥር ሺህ ብሎ ነበር፤ ልጄ ውጭ አገር ልትሮጥ ነው ስትለው አንድ ሺህ ቀነሰላት። ቃሉን ስትሰማ ዙፋን ያሰበችው ስለ ሌላ ሰው ነው። «የማን ምስኪን ይሆን የሚመለሰው?» አለች በልቧ፣ ለማታውቃት እናት አዝና።

ከስደተኛ ልጆች መካከል ሯጭ የሚመርጥ አንድ ድርጅት ወደ ከተማው መጥቶ፣ ከገዳሪፍም ከኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈርም የተሰበሰቡ አርባ ያህል ልጆችን ትናንት አሩጧል። ከነዚያ ውስጥ የተመረጡት ስድስት ናቸው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ መኪና ወደ ከሰላ ይወስዳቸዋል፤ ከዚያ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ በአውሮፕላን ጦርነት ወደሌለበት አገር፣ አልጋና ትምህርት ቤት ወዳለበት የሩጫ ማሠልጠኛ። ኮከብ ሦስት ሺህ ሜትሩን አንደኛ ሆና ነው የጨረሰችው። ሁለተኛዋ ልጅ ስትገባ ኮከብ ትንፋሿን ሰብስባ፣ የጫማዋን ክር ፈትታ ጨርሳ ነበር። ይህን ሁሉም ሰው አይቷል፤ የሚያከራክር ነገር የለበትም።

ጥቂት ቆይቶ አብዱልሰላም ቆቡን በእጁ ይዞ ከቢሮው ወጣ። አብዱልሰላም የጎንደር ሰው ነው። ገበያው ዳር ሳሙናና የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ከትልቁ የእህል ጎተራ ጀርባ ሴት ልጆችን ያሠለጥናል፣ ያለ ደመወዝ፣ ሚስቱ በየቀኑ እየተቆጣችው። ኮከብን ከእንጨት ለቀማ ስትመለስ፣ ሸክሟን ተሸክማ ስትሮጥ አይቶ የመለመላት እሱ ነው። ቆቡን የሚያወልቀው ለሶላትና ለመርዶ ብቻ ስለሆነ ዙፋን ገና ሳይናገር ክፉ ወሬ እንደያዘ ገባት።

«እቴ ዙፋን፣ ዕድሜዋ አልሞላም አሉኝ» አለ።

«የማን?»

«የኮከብ ነዋ፣ የማን ይሆናል።» ቆቡን አገላበጠው። «አሥራ ስድስት ያልሞላው አይሄድም። የሚቆጥሩት ደግሞ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያልቅ ነው፣ በኛ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት። የስደተኛ ካርዷ ላይ መጋቢት ዘጠኝ ተወለደች ይላል። ሰባ ሰባት ቀን ጎደላት።»

«በስመ አብ! ይቺ ልጅ በታኅሣሥ ገብርኤል አይደለም እንዴ የተወለደች! ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ! ሦስት ቀን ቀድማ ትሞላለች እኮ!»

«ታዲያ መጋቢትን ከየት አመጡት?»

መጋቢትን ያመጣችው ራሷ ዙፋን ናት። ኮከብ አምስት ዓመቷ ሳለ ካርድ ለማውጣት የተሰለፉ ጊዜ፣ ጸሐፊው መቼ ተወለደች ብሎ ሲጠይቅ፣ ምላሷ ላይ የመጣላት መጋቢት ዘጠኝ ነው። ክርስትና የተነሣችበት ቀን ነው። ከዚያም ወዲህ ትምህርት ቤት ሲጠይቁ መጋቢት፣ ክትባት ሲጠይቁ መጋቢት። ኮከብ በዚያ ማዶ፣ ከግንቡ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣ ወደነሱ ታያለች። ቀጭን ናት፣ ከእናቷ በራስ ትበልጣለች። መርዶውን ቀድማ እንደሰማች ከአቀማመጧ ያስታውቃል።

በቢሮው ውስጥ ያለችው ኢንቲሳር የምትባል የድርጅቱ ሠራተኛ፣ ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላት፣ የደከማት ሴት ናት። ዙፋንን አስቀመጠቻት፣ ውኃ ሰጠቻት፣ እስክትጨርስ አዳመጠቻት። ክፉ ሴት ብትሆን በቀለለ ነበር። ክፉ ሰው ላይ ይጮኻል፣ ይረገማል፣ ቤት ተገብቶ ይታማል፤ ውኃ የምትሰጥ ሴት ምን ትደረጋለች?

«ያ ኻላ፣ ዛሬ ብቻ አንቺ አራተኛዋ እናት ነሽ» አለች ኢንቲሳር፤ ያ ኻላ አክስቴ ማለቷ ነው። «ሁሉም ካርዱ ተሳስቷል ነው የሚሉኝ። አንዷ ልጇ መንታ ናት፣ ዕድሜዋ የተጻፈው የእኅቷ ነው አለችኝ። መንታ በአንድ ቀን አይወለድም?» ልትሥቅ ፈልጋ ተወችው። «አምና ከአንዲት ልጅ ጋር እንዲህ ያለ ወረቀት መጣልኝ። እናቷ አለቀሰች፣ ማልኩ አለችኝ፣ እኔም ፈረምኩላት። ከትልልቆቹ ጋር ጠዋት ማታ አሮጧት። በአምስተኛው ወር የዳሌዋ አጥንት ተሰንጥቆ መለሱልን። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አሁን ታነክሳለች። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።»

«የኔይቱ ግን እውነት ናት።»

«የዚያችም እናት እንዲህ ነበር ያለችኝ።» ኢንቲሳር ሰዓቷን አየች። «የሐኪም ቤት ወይም የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ካለሽ እስከ ስምንት ሰዓት አምጪ። ለአለቆቼ አነብላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ አቅም የለኝም።»

«ከርሞስ?»

«ከርሞ ካርዱም አሥራ ስድስት ይሞላል። ከርሞ ትምጣ።»

«ከርሞ ትመጣላችሁ?»

ኢንቲሳር ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከለች፣ ቀድሞም የተስተካከሉ ነበሩ።

ኮከብ በቤት ነው የተወለደችው፤ ያዋለደቻት ጎረቤት ወደ አገሯ ከተመለሰች ቆይታለች፣ የክርስትና እናቷ ዕፀገነትም ሞታለች። አባቷ ስንሻው ሰሊጥ አጨዳ መፋዛ ወርዷል፤ ስልኩ ካልተነሣ ሳምንት ሆኖታል። የቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ዙፋን ዘንቢሉን እዚያው ትታ ረክሻ ያዘች። ሾፌሩ አራት ሺህ አለ፣ ሳትከራከር ተሳፈረች፤ ዋጋ ሳትከራከር የተሳፈረችው በሕይወቷ ይህ ሁለተኛው ነው፣ የመጀመሪያው ምጥ ይዟት ወደ ቤቷ ስትጣደፍ ነበር። የሰሊጥ ጆንያ የጫኑ መኪናዎች መንገዱን ዘግተውታል። ኅዳር ገዳሪፍ ውስጥ ሁሉም ነገር ሰሊጥ ነው፤ አቧራው፣ ወሬው፣ የሰው ኪስ። ዙፋን ራሷ ዛሬ ጠዋት ሰሊጥ የሚነፋበት መጋዘን መግባት ነበረባት። አሠሪዋን ሱለይማንን ልጄን ልሸኝ ብላ ግማሽ ቀን ለምናዋለች። ግማሿን ቀን እየበላቻት ነው።

አባ ያረጋል የክርስትና መዝገቡን ከብረት ሣጥን አወጡት። ዳሩን አይጥ ቀምሶታል። በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና አንድ ቦታ ቆሙ። «ይኸው። መጋቢት ዘጠኝ ቀን፣ ሁለት ሺህ ሁለት። ስመ ክርስትና ወለተ ገብርኤል። የክርስትና እናት ዕፀገነት። የጠመቋት ከኔ በፊት የነበሩት አባት ናቸው።»

«የተወለደችበትስ አባቴ?»

መዝገቡን አቀኑላት፣ ማንበብ እንደማትችል እያወቁ። «የትውልድ ቀን በሚለው ላይ ሰረዝ ነው ያለው። ሰው ካልነገራቸው ምን ይጽፋሉ?»

እውነታቸውን ነው። ተጠይቃ ነበር፣ አልተናገረችም። ያልተናገረችበትን ምክንያት የሚያውቀው ስንሻው ብቻ ነው፣ እሱም ስለዚያ ነገር ከተናገረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከኮከብ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። መፋዛ እርሻ ላይ ተወልዳ፣ ቄስ በሌለበት፣ ወንዙ ሞልቶ መኪና በማይሻገርበት ክረምት፣ በስልሳ ሦስት ቀኗ በትኩሳት ሞተች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷት ነበር። ሳትጠመቅ የሞተች ናትና ፍትሐት አልተደረገላትም፣ ስም አልነበራትም፣ ስንሻው ብቻውን ማሽላው ዳር ቀበራት። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ዙፋን ኮከብን ስትወልድ ቀን መቁጠር ፈራች። ሰው እንኳን ደስ አለሽ ሲላት አንገቷን ትደፋ ነበር። ስንት ቀኗ ነው ሲሏት እንጃ ትል ነበር። እግዚአብሔር ልጅቱን ካቆያት በኋላ፣ ሰማንያው ሞልቶ፣ ከጥምቀቱ ውኃ ስታለቅስ ስትወጣና ስም ሲሰጣት፣ ዙፋን ያን ጊዜ ወለደች። በልቧ እንደያዘችው ኮከብ የተወለደች መጋቢት ዘጠኝ ነው። እንግዲህ ለዚህ ስሕተት ማን ይፈረድበታል?

«ታኅሣሥ ገብርኤል ነው ብለው ይጻፉልኝ አባቴ። ዓመት ዓመት ዝክሩን ስዘክር ያዩኝ የለም?»

«ዝክሩንስ አይቻለሁ። ስትወለድ ግን አላየሁም። ያላየሁትን አልጽፍም፣ ልጄ።» ቢሆንም ወረቀት አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ በዝግታ ጻፉ። የጻፉት እንዲህ የሚል ነው፤ ይህች ልጅ መጋቢት ዘጠኝ ቀን ተጠምቃለች፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሴት ልጅ የምትጠመቀው በተወለደች በሰማንያ ቀኗ ነው። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ረገጡት፣ የመጀመሪያው ስላልታየ። «ከዚህ ወዲያ ቆጣሪ ይቁጠር» አሉ። ዙፋን እጃቸውን ስማ ወጣች። ከመግቢያው ጀምሮ እስከ ረክሻው ሮጠች፤ የኮከብ እግር ከየት እንደመጣ ያኔ ላያት ሰው ግልጽ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰች። አብዱልሰላም ወረቀቱን ለኢንቲሳር ወደ ዐረብኛ መለሰላት፣ ቀኖቹን በጣቱ እየቆጠረ፣ ከመጋቢት ወደ የካቲት፣ ከየካቲት ወደ ጥር፣ ከጥር ወደ ታኅሣሥ። ሲጨርስ ኢንቲሳር ራሷም በወረቀት ላይ ቆጠረች። እኩል መጣላቸው። ዙፋን የኢንቲሳር ፊት ሲለሰልስ አየች፤ እንደምታምናትም አወቀች። ኢንቲሳር ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። በእንግሊዝኛ ነበር የምትናገረው፤ ዙፋን ከንግግሩ የለየችው «ሰማንያ» የሚለውን የኢንቲሳርን ጣቶች ብቻ ነው፤ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ስምንቱን ዘርግታ ለማያያት ሰው ታሳያለች። ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ጣቶቿን አጠፈች።

«ማሌሽ፣ አዝናለሁ» አለች ስትመለስ። «ይህ የሃይማኖታችሁ ሥርዓት ነው እንጂ የልጅቱ የልደት ወረቀት አይደለም አሉኝ። ካርዱ ይስተካከል፣ ከተስተካከለ እንቀበላለን አሉ።»

«ለማስተካከል ስንት ቀን ይፈጃል?»

«አራት ወር። አንዳንዴ አምስት።»

አብዱልሰላም በአማርኛ አንድ የማይጻፍ ነገር ተናገረና ወዲያው አስተግፊሩላህ አለ።

በኮከብ ቦታ ሁለተኛ የወጣችው ትዕበ ተጠራች። ትዕበ የኣባዲ ልጅ ናት፤ ከአምስት ዓመት በፊት ከትግራይ ሸሽተው መጥተው ኡም ራኩባ የሰፈሩ ናቸው። ኣባዲ በሰሊጥ ወቅት ሱለይማን መጋዘን ጆንያ ይሸከማል፣ ዙፋን ታውቀዋለች። ካርዳቸውን ሲያወጡ የልጁን የልደት ቀን እንዳላወቀና ጸሐፊውም ቀን ለማያውቅ ሁሉ እንደሚያደርገው «ዋሂድ ዋሂድ»፣ አንድ አንድ፣ ብሎ የፈረንጅ ዓመት መጀመሪያን እንደጻፈለት፣ ዓመቱንም ከቁመቷ ገምቶ እንደሞላው፣ አምና ምሳ ሲበሉ እየሣቀ አጫውቷታል። «ሁለት ዓመት ሸለሟት፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው» ብሏት ነበር። አሁን አሥራ አራት ሆኗታል ማለት ነው። ካርዷ ግን አሥራ ስድስት ይላል፣ ንጹሕ ነው፣ አያከራክርም። ቀኑን አብልጣ የምታውቀው እናት ልጇ ቀረች፤ ምንም የማያውቀው አባት ልጁ ሄደች።

ኣባዲ በሩ ላይ ቆሞ ዙፋንን አያት። ያጫወታትን አልረሳም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ዙፋን አፏን ከፈተች፣ የዳሌዋ አጥንት የተሰነጠቀባት ልጅ ትዝ አለቻት፣ ትዕበ በላስቲክ ጫማ ቆማ ስታለቅስ አየቻት፣ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት አይታወቅም። ብትናገር ትዕበ ትቀራለች፣ ኮከብ ግን አትሄድም። ባትናገር ትዕበ ሄዳ ምን ትሆናለች? ሁለቱንም አሰበችና ሁለቱም ክፉ ሆኑባት። አፏን ዘጋች። እስከዛሬ ድረስ ያደረገችው ደግ ይሁን ክፉ ለይታ አታውቅም።

መኪናው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣ። ኮከብ ከግንቡ ወርዳ ትዕበን አቅፋ ሳመቻት፣ ዳቦ ቆሎውንና ፎጣውን ከዘንቢሉ አውጥታ ሰጠቻት። «የመጀመሪያውን ዙር ቀስ በይ» አለቻት በዐረብኛ፣ «ሁሌ ቶሎ ትጀምሪያለሽ።» ኣባዲ ወደ ዙፋን መጥቶ አንድ ነገር ሊል ፈለገ፤ «ኣይትሓዝለይ» አለ በቋንቋው፤ ቂም አትያዢብኝ ማለቱ ነው። ዙፋን ራሷን ነቀነቀች። አብዱልሰላም ሱቁን ልክፈት ብሎ ደኅና ዋሉ ሳይል ሄደ።

እናትና ልጅ በእግራቸው ወደ መጋዘኑ አቀኑ። ዙፋን ቤት ሂጂ አላለቻትም፣ ኮከብም ወዴት ነው አላለችም። ከጎተራው ጎን ሲያልፉ ኮከብ በየጠዋቱ የምትሮጥበትን ሜዳ ላለማየት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፉል ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው «ኮከብ፣ አልሄድሽም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ዙፋን ቁጣ ብትሰማ ይሻላት ነበር። ልጅቱ ግን እርምጃዋን ከእናቷ ጋር ለማስተካከል እያሳጠረች ትሄዳለች።

መጋዘኑ ሊደርሱ ሲሉ ኮከብ ጠየቀች። «እማ፣ ገብርኤል ቀን መወለዴን ካወቅሽ ለምንድን ነው መጋቢት ያልሽው?»

ዙፋን ቆመች። አሥራ ስድስት ዓመት ያልተናገረችውን፣ የጆንያ መኪና ጥላ ሥር ቆማ፣ በአጭሩ ተናገረች። መፋዛን፣ የሞላውን ወንዝ፣ ስልሳ ሦስቱን ቀን፣ ማሽላው ዳር ያለውን ጉድጓድ። «አንችን ልቁጠር ብል የምትሄጂብኝ መሰለኝ» አለች። «እስክትጠመቂ አልቆጠርሁሽም። ከዚያ በኋላም መጋቢት ምላሴ ላይ ቀረ። ፈርቼ ነው ልጄ።»

ኮከብ መሬቱን በጫማዋ አፍንጫ ጫረች። «እኅት ነበረችኝ?»

«ነበረችሽ።»

«ስሟስ?»

«አልተሰየመችም።»

«እኔንስ እስከ ሰማንያ ቀን ምን ትይኝ ነበር?»

«ምንም። ይቺ እልሽ ነበር።»

ኮከብ ይቅር ብያለሁ አላለችም፣ አላለቀሰችምም። ዙፋን ልትይዛት እጇን ዘረጋች፣ ልጅቱ ግን ቀድማ ወደ መጋዘኑ በር ሄዳ ነበር። ዙፋን ከኋላዋ አየቻት፤ እንዲያ ያለ እግር ወደዚህ በር ይሄዳል?

በመጋዘኑ ውስጥ ሃያ ያህል ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ሰሊጥ ይነፋሉ። የሰሊጡ አቧራ ከቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ይታያል፤ ሁሉም አፍና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። ሱለይማን ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ከኮከብ እግር ጀምሮ ወደ ላይ አያት።

«ይህችኛዋ የማን ናት?»

«የኔ ናት» አለች ዙፋን።

«እጅሽን አሳዪኝ» አለ ለልጅቱ። ኮከብ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። አየና ራሱን ነቀነቀ። «ለአንድ ጆንያ ሁለት ሺህ ጁኔህ። የምትጀምረው አሁን ነው።»

ዙፋን ጠበቀች። ሰውየው የሚጠይቀው ሌላ ነገር ያለ መስሏት፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሁሉም የጠየቃት አንድ ነገር ስለነበር። ሱለይማን ሻዩን ፉት አለ።

«አሥራ ስድስት ሊሞላት ነው» አለችው፣ ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ ብሎ። «ታኅሣሥ ገብርኤል። ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ነው የተወለደችው።»

በአጠገባቸው ያሉት ሴቶች ወንፊታቸውን አቁመው ቀና አሉ። ሱለይማን ዙፋንን ግራ ገብቶት ተመለከታት።

«አልጠየቅሁሽም፣ ያ ኻላ» አለ፤ ከኋላው አንድ ወንፊት አንሥቶም ለኮከብ ሰጣት።